ስለ ብራውዘር ሸክምና ስለ ቅጥያዎቹ አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ የሠራው መሣሪያ ሁሉ የራሱ ታሪክ አለው። ስለ መርከብ፣ ስለ ባቡርና ስለ አውሮፕላን ታሪክ በክፍል ውስጥ ተምረናል፤ ዳሩ ግን ተማሪውም መምህሩም ነጋዴውም በየቀኑ ስለሚገለገልበት ስለ ብራውዘር ታሪክ ሲነገር እምብዛም አንሰማም። ብራውዘር ማለት በሩቅ ያሉትን ድረ ገጾች አምጥቶ በኮምፒዩተራችን ወይም በስልካችን ላይ የሚያሳየን ፕሮግራም ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ፣ ኤጅና ኦፔራ የሚባሉት ሁሉ ብራውዘሮች ናቸው።

በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለዚህ መሣሪያ ለመጻፍ የተነሣነው አንድ ጥያቄ ስላሳሰበን ነው። ጥያቄውም፣ ብራውዘር ዘመን በቆጠረ መጠን ስለ ምን እንዲህ ከበደ? ሸክሙንስ የጫነበት ማን ነው? የሚል ነው። ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። አንድ የቆየ ኮምፒዩተር ብራውዘር በተከፈተበት ጊዜ ሲንቀራፈፍ ያየ ሰው «ይህስ አርጅቷል» ብሎ ወደ ዕቃ ቤት ይወረውረዋል። አዲስ ለመግዛት አቅም ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ አቅም ለሌለው ቤተሰብ ወይም ትምህርት ቤት ግን ከመጻሕፍትና ከዕውቀት መለየት ማለት ነው። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ታሪኩን መመርመር ይገባል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ማኅደረ ትውስታ ምንድን ነው?

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ማኅደረ ትውስታ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በተለምዶ ራም የምንለው ነው። አንድ ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ በሚያጠናበት ጊዜ የሚያስፈልጉትን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውርዶ በፊቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋቸዋል። መደርደሪያው ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ተነሥቶ መሄድን ይጠይቃል። ጠረጴዛው የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ ያለው ሁሉ እጅ ሲዘረጋ ወዲያው ይገኛል። የኮምፒዩተሩ መደርደሪያ ዲስኩ ነው፤ ጠረጴዛው ደግሞ ማኅደረ ትውስታው ነው። ጠረጴዛው የሞላ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ አንዱን መጽሐፍ መልሶ ሌላውን ለማምጣት ሲመላለስ ይውላል፤ እኛም የተቀመጥነው ሰዎች ትዕግሥታችን ያልቃል።

የጠረጴዛው ስፋት ምን ያህል እንዳደገ አንድ ምሳሌ እናቅርብ። ማይክሮሶፍት በ1995 ዊንዶውስ 95ን ሲያወጣ የጠየቀው ዝቅተኛው ማኅደረ ትውስታ 4 ሜጋባይት ነበር። ይኸው ኩባንያ በ2021 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 4 ጊጋባይት ሆነ። ቁጥሩ ያው 4 ነው፤ መስፈሪያው ግን ከሺህ እጥፍ በላይ አድጓል። ይህም ሁሉ ሆኖ ጠረጴዛው ጠበበን እንላለን።

የመነሻው ዘመን

ድረ ገጽ የሚባለው ነገር የተወለደው በስዊዘርላንድ አገር በጄኔቭ ከተማ አጠገብ፣ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ድርጅት ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ በ1989 ሐሳቡን ጽፎ ለአለቆቹ አቀረበ፤ በ1990ም ኔክስት በሚባል ኮምፒዩተር ላይ የመጀመሪያውን ብራውዘር ሠራ። በዚያን ጊዜ ገጽ ማለት ጽሑፍና ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚያሻግር ማያያዣ ማለት ነበረና ሸክሙ እጅግ ቀላል ነበር።

በ1993 በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ አንድሪሰንና ኤሪክ ባይና ሞዛይክ የተባለውን ብራውዘር አወጡ። ሞዛይክ ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አስማምቶ በማሳየቱ በሰፊው ተወደደ። ነገር ግን ሥዕል ያለ ዋጋ አልመጣም። ሥዕል በመስመር ሲጓዝ ተጨምቆ ትንሽ ቢሆንም፣ ለዓይን ሊታይ በሚዘረጋበት ጊዜ እያንዳንዷ ነጥብ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 4 ባይት ትይዛለች። ስለዚህ ወርዱ 1000 ነጥብ ቁመቱም 1000 ነጥብ የሆነ አንድ ሥዕል ሲዘረጋ 4 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ይህም ዊንዶውስ 95 ለራሱ የጠየቀውን ሙሉ ጠረጴዛ የሚያህል ነው። ዛሬ በአንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ ስንት ሥዕል እንደሚገኝ አንባቢ ራሱ ይቁጠር።

አንድሪሰን በ1994 ከሌሎች ጋር ሆኖ ኔትስኬፕ የተባለውን ብራውዘር አወጣ። በ1995 የኔትስኬፕ ባልደረባ የነበረው ብሬንደን አይክ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በ10 ቀን ውስጥ አረቀቀ። ከዚያ ወዲህ ገጽ የሚነበብ ወረቀት ብቻ መሆኑ ቀረና የሚሠራ ፕሮግራም ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በብራውዘር ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ካርታ ስንመለከትና ፊልም ስናይ፣ የምንከፍተው ገጽ ሳይሆን በገጽ አምሳል የቀረበ ሙሉ ፕሮግራም ነው። ከብራውዘር ሸክም ትልቁ ክፍል የመጣው ከዚህ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአንድ አዳራሽ የተሰበሰቡ እንግዶች

ሁለተኛው ሸክም ከውጭ የመጣ ነው። ኔትስኬፕ በ1996 በወጣው በሁለተኛው እትሙ ለተሰኪዎች በሩን ከፈተ። ተሰኪ ማለት ብራውዘሩ ራሱ የማያውቀውን ሥራ፣ ለምሳሌ ድምፅን ወይም ተንቀሳቃሽ ሥዕልን፣ ለእርሱ የሚሠራለት በሌሎች ሰዎች የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስሙ የገነነው ፍላሽ ነበር፤ አዶቤ የተባለው ኩባንያ ድጋፉን ያቋረጠው በ2020 መጨረሻ ነው። ተሰኪው ከብራውዘሩ ጋር በአንድ አዳራሽ ውስጥ ይሠራ ስለነበረ፣ እርሱ ሲወድቅ ብራውዘሩም አብሮ ይወድቅ ነበር። ሰውየውም የሚያየው የወደቀውን ብራውዘር ብቻ ነውና «ይህ ብራውዘር የማይረባ ነው» ይል ነበር።

ማይክሮሶፍትም በ1997 ባወጣው በአራተኛው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እትም፣ የሌሎች ሰዎች ፕሮግራም ብራውዘሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮት እንዲነሣ ፈቀደ። ከዚህም የተነሣ የፍለጋ ሣጥንና አዝራር የተደረደረባቸው መደዳዎች፣ ቱልባር የሚባሉት፣ በብራውዘሩ ራስ ላይ ተከመሩ። አንዳንዶቹ የሚጠቅሙ ነበሩ፤ ሌሎቹ ግን ባለቤቱ ሳይጠራቸው ከሌላ ፕሮግራም ጋር ተደብቀው የገቡ ነበሩ። በዚያን ዘመን የአንዳንዱ ሰው ብራውዘር መደዳዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ ገጹ የሚታይበት ቦታ ይጠብበት ነበር። ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ እነማን እንዳሉ በዝርዝር አይቶ የማይፈልገውን የሚያግድበትን መስኮት ማይክሮሶፍት የሰጠው በ2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ሁለተኛው ማሻሻያ ነው። እንግዶቹ ከገቡ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለማቅለል የመጣው ቅጥያ

አሁን ወደ ታሪኩ ቁልፍ ደረስን። ኔትስኬፕ በውድድር በተሸነፈ ጊዜ በ1998 የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ከፈተ፤ ከዚያም ሞዚላ የተባለው ማኅበር ተነሣ። የሞዚላ ፕሮግራም ግን ብራውዘሩን፣ የኢሜይል አንባቢውንና የገጽ መጻፊያውን በአንድ ላይ አጭቆ የያዘ ከባድ ነገር ነበር። ዴቭ ሃያትና ብሌክ ሮስ የተባሉት ወጣቶች በዚህ አልተደሰቱም። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ትርፉን ሁሉ አውጥተው ቀላል ብራውዘር ሠሩ፤ በ2002 ፊኒክስ ብለው አወጡት። ስሙ ሁለት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ፋየርፎክስ ተባለ፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው በኖቬምበር 9 ቀን 2004 ነው።

የሠሪዎቹ ሐሳብ ይህ ነበር፦ ብራውዘሩ ለሁሉ የሚያስፈልገውን ብቻ ይያዝ፤ ከዚያ የበለጠ የሚፈልግ ሰው ግን በእንግሊዝኛ ኤክስቴንሽን የሚባለውን ቅጥያ ለራሱ ይጨምር። አንዱ ማስታወቂያ የሚያግድ ቅጥያ ይጨምራል፤ ሌላው የአየር ጠባይ የሚነግረውን፤ ሦስተኛው ቃል የሚተረጉምለትን። እንግዲህ ቅጥያ የተፈለገው ብራውዘሩን ለማክበድ ሳይሆን ለማቅለል ነበር! ሸክሙ ከሁሉ ትከሻ ላይ ወርዶ በፈለገው ሰው ትከሻ ላይ ብቻ እንዲሆን የታሰበ ጥበብ ነበር።

ነገር ግን የሰው ጠባይ ታውቋል። አንድ ቅጥያ የጨመረ ሰው በአንድ አይቆምም፤ አምስት ይጨምራል፤ ዐሥር ይጨምራል። እያንዳንዱ ቅጥያ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዳሉት፣ ጥቃቅኖቹ ተባብረው ያን ቀላል ተብሎ የተሠራውን ብራውዘር ያስሩት ጀመር።

ከዚህም ሌላ የዚያን ጊዜው የፋየርፎክስ ቅጥያ ሥልጣኑ ወሰን አልነበረውም። ከብራውዘሩ ጋር በአንድ ላይ እየሠራ የብራውዘሩን ማንኛውንም ክፍል ሊነካና ሊለውጥ ይችል ነበር። ይህም ሊክ የሚባለውን የማኅደረ ትውስታ ማፍሰስ አመጣ። ነገሩን በቤተ መጻሕፍቱ ምሳሌ እናስረዳ። አንባቢው መጽሐፉን ጨርሶ ሲነሣ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥቶ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። ነገር ግን አንድ ሌላ ሰው ሳያነብ ጣቱን በመጽሐፉ ላይ ጭኖ የተቀመጠ እንደሆነ፣ ሠራተኛው «ገና የሚያነበው አለ» ብሎ ያልፈዋል። እንደዚሁም እኛ ገጹን ዘግተን ስንሄድ አንድ ቅጥያ ያን የተዘጋ ገጽ ሳይለቅ ይዞ ይቀራል። ገጹ አይታይም፤ ቦታውን ግን አይለቅም። እንዲህ ያለው ገጽ ሲከማች ጠረጴዛው ማንም በማያነበው መጽሐፍ ይሞላል።

ከመክሰስ በፊት መመዘን

ፋየርፎክስ ማኅደረ ትውስታ ይበላል የሚለው አቤቱታ በ2006 ከወጣው ሁለተኛ እትም ጀምሮ እየበረታ ሄደ። በ2008 የወጣው ሦስተኛው እትም፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው የቀሩ ነገሮችን ፈልጎ የሚጠርግ አዲስ ዘዴ ይዞ መጣ፤ ብዙም ተሻለ። ነገር ግን በ2011 አራተኛው እትም ሲወጣ አቤቱታው እንደ ገና ተነሣ።

በዚህ ጊዜ በሞዚላ ውስጥ ሜምሽሪንክ የተባለ የሥራ ቡድን ተቋቋመ፤ ከመሪዎቹም አንዱ ኒኮላስ ኔዘርኮት የተባለው መሐንዲስ ነበር። የዚህ ቡድን ሥራ ለታሪክ የሚበቃ የሆነበት ምክንያት ከመመዘን በመጀመሩ ነው። ብራውዘሩ ራሱ እያንዳንዱ ገጽና እያንዳንዱ ክፍል ስንት ሜጋባይት እንደያዘ በዝርዝር የሚናገርበት ገጽ በሚገባ ተስፋፋ። ሚዛኑ ከተተከለ በኋላ ጥፋተኛውን ማግኘት ቀላል ሆነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የወጣው ሰባተኛው እትም ከቀደሙት ይልቅ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያነሰ ማኅደረ ትውስታ ይጠቀም ነበር።

ሚዛኑ ግን ሌላም ነገር ገለጠ። ብራውዘሩ ከተስተካከለ በኋላም ብዙ ሰዎች አሁንም ከብዶናል ይሉ ነበር፤ ሲመረመርም ከሸክሙ ብዙው የቅጥያዎቹ ማፍሰስ ሆኖ ተገኘ። ቅጥያዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ጸሐፊዎቻቸውም በዓለም ሁሉ የተበተኑ ነበሩና እያንዳንዱን ማስተማርና ማረም የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በኦገስት 2012 በወጣው በ15ኛው እትም መሐንዲሶቹ ሌላ መንገድ ያዙ፤ ገጽ በተዘጋ ጊዜ ቅጥያው ገጹን የያዘበትን ክር ብራውዘሩ ራሱ እንዲቆርጠው አደረጉ። በምሳሌያችን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የተረሳውን ጣት አንሥቶ መጽሐፉን እንዲመልስ ሥልጣን ተሰጠው ማለት ነው። በዚህ አንድ ለውጥ ከቅጥያዎች የሚመጣው ማፍሰስ በአብዛኛው ቆመ።

አዳራሹ በክፍል ሲከፈል

ይህ ሁሉ በሚሆንበት ጊዜ ጉግል የተባለው ኩባንያ በሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። በሴፕቴምበር 2008 ክሮምን ባወጣ ጊዜ አሠራሩን ለሕዝብ ያስረዳው ስኮት ማክላውድ በተባለ ሠዓሊ በተሠራ የሥዕል መጽሐፍ ነበር። የክሮም ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ገጾች ሁሉ በአንድ አዳራሽ ከሚሰበሰቡ ይልቅ እያንዳንዱ ታብ የራሱ ክፍል፣ ማለት ፕሮሰስ የሚባለው የተለየ ሂደት ይኑረው። አንዱ ክፍል ቢፈርስ ሌላው አይፈርስም። ታቡ ሲዘጋም ክፍሉ እንዳለ ስለሚፈርስ የያዘው ቦታ ሁሉ ይመለሳል። በ2009 መጨረሻ ለሙከራ፣ በ2010 መጀመሪያ ለሁሉ የተፈቀዱት የክሮም ቅጥያዎችም በየራሳቸው ሂደት እንዲሠሩ ተደረገ።

ዳሩ ግን አዳራሽን በክፍል የሚከፍል ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳና በር ማቆም አለበት። ለሁሉ በአንድነት ያገለግል የነበረው ነገር በየክፍሉ ይደገማል፤ ስለዚህ ክሮም ከመነሻው ብዙ ቦታ እንደሚወስድ ሠሪዎቹ ራሳቸው አልሸሸጉም። ስለ ክሮም የሚነገረው «ማኅደረ ትውስታ ይበላል» የሚለው ወሬ ሥሩ ይህ ነው። ወሬው እውነት አለበት፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሰዎች የሂደቶቹን ቁጥር ሁሉ ሲደምሩ፣ ሂደቶቹ በጋራ የሚጠቀሙበትን ክፍል ደጋግመው ይቆጥሩታልና ድምሩ ከእውነተኛው ይበልጥባቸዋል።

የቅጥያ ሒሳብ

አንድ ቅጥያ ብራውዘሩን የሚያከብደው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ቅጥያው ራሱ ከበስተጀርባ ተቀምጦ የሚይዘው ቦታ አለ። ሁለተኛ፣ ብዙ ቅጥያዎች በምንከፍተው ገጽ ሁሉ ውስጥ የራሳቸውን ኮድ ያስገባሉ፤ ስለዚህ ሸክማቸው በገጾች ቁጥር ይባዛል። ሦስተኛ፣ ገጹ ከመታየቱ በፊት ቅጥያው ሥራውን እስኪሠራ ድረስ የሚባክን ጊዜ አለ። ከእነዚህ ሰው የሚዘነጋው ሁለተኛውን ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ቅጥያ በየገጹ 5 ሜጋባይት ቢጨምር ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ 20 ታብ ለከፈተ ሰው ግን 100 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያሉ አራት ቅጥያዎች ቢኖሩት 400 ይሆናል።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ኔዘርኮት በ2014 አድብሎክ ፕላስ የተባለውን ዝነኛ የማስታወቂያ ማገጃ መዘነ። ቅጥያው መደበቅ ያለባቸውን ማስታወቂያዎች የሚዘረዝር ትልቅ የደንብ መዝገብ ነበረው፤ መዝገቡም በየገጹ ብቻ ሳይሆን በገጽ ውስጥ በተከፈተው በእያንዳንዱ ትንሽ ገጽ ጭምር እንደ አዲስ ይገለበጥ ነበር። አንዱ ግልባጭ 4 ሜጋባይት ያህል ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ገጾች ያሉበት አንድ ገጽ ሲከፈት ብራውዘሩ ወደ 2 ጊጋባይት የሚጠጋ ቦታ ያዘ፤ ያለ ቅጥያው ግን ከዚህ ሩቡን ያህል እንኳ አይፈልግም ነበር። ልብ ማለት የሚገባው፣ ቅጥያው የሚያግዳቸው ማስታወቂያዎች ራሳቸው ቦታ የሚበሉ ናቸው፤ ሰውየው ብራውዘሩን ለማቅለል ብሎ የጨመረው ነገር አከበደው ማለት ነው።

መፍትሔው ግን ቅጥያውን መርገም አልሆነም። ፋየርፎክስ በ2015 በወጣው በ41ኛው እትሙ አንዱን መዝገብ ገጾች ሁሉ በጋራ እንዲጠቀሙበት አደረገ፤ ያ ታላቅ ሸክምም ወረደ። በ2014 ደግሞ ሬይመንድ ሂል የተባለ ሰው፣ ያንኑ የማገድ ሥራ በጥቂት ማኅደረ ትውስታ ለመፈጸም የታሰበ ዩብሎክ የተባለ ቅጥያ አውጥቶ ነበር። ስለዚህ ቅጥያ ሁሉ ሸክም ነው ማለት ስሕተት ነው። በጥንቃቄ የተጻፈ ማገጃ ብዙ ማስታወቂያ እንዳይገባ በመከልከሉ፣ ከሚወስደው የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል።

ስለ ደኅንነትና ስለ ነፃነት የተከፈለ ዋጋ

ከ2016 ጀምሮ ፋየርፎክስም ሂደቶችን መለየት ጀመረ፤ በ2017 ገጾችን በአራት ሂደቶች ማካፈልን ልማድ አደረገ። ይህም በአንድ አዳራሽና በብዙ ክፍሎች መካከል የተመረጠ መካከለኛ መንገድ ነበር። ነገር ግን ወሰን የሌለው ሥልጣን የነበራቸው የጥንት ቅጥያዎች ከዚህ አሠራር ጋር ሊስማሙ አልቻሉም። ስለዚህ በኖቬምበር 2017 ኳንተም በተባለው በ57ኛው እትም የጥንቶቹ ቅጥያዎች ሁሉ ታገዱ፤ ሥልጣናቸው የተወሰነ አዲሶቹ ብቻ ተፈቀዱ። ብራውዘሩ ፈጠነ፤ ሆኖም ለዓመታት የደከሙባቸው ቅጥያዎች የጠፉባቸው ጸሐፊዎችና ተጠቃሚዎች አዘኑ። ኀዘናቸውን በቸልታ ልናልፈው አይገባም፤ ቅልጥፍና የተገኘው ከነፃነት ተቆርሶ ነውና።

በጃንዋሪ 2018 ደግሞ ስፔክተር የተባለ የኮምፒዩተር አንጎለ ድክመት ለዓለም ተገለጠ። በዚህ ድክመት የተነሣ ክፉ ድረ ገጽ በአንድ ሂደት ውስጥ አብሮት ያለውን የሌላውን ምስጢር ሊያነብ እንደሚችል ታወቀ። ክሮም በዚያው ዓመት በ67ኛው እትሙ እያንዳንዱን ድረ ገጽ በየራሱ ሂደት ለየ፤ ጉግልም ይህ ከ10 እስከ 13 በመቶ የሚሆን ተጨማሪ ማኅደረ ትውስታ እንደሚፈልግ በግልጽ አስታወቀ። ፋየርፎክስም በ2021 ይህንኑ መንገድ ተከተለ። እንግዲህ ይህ ሸክም የስንፍና ሸክም አይደለም፤ የባንክ ምስጢራችንና ደብዳቤያችን እንዳይሰረቅ የተከፈለ የዘበኛ ደመወዝ ነው።

ጉግል ከ2024 ጀምሮ በክሮም ያስፈጸመው አዲስ የቅጥያ ደንብም ይህንኑ ክርክር አስነሥቷል። በአዲሱ ደንብ ቅጥያ ከበስተጀርባ ዘወትር ነቅቶ መቀመጡ ቀርቶ ሥራ ሲኖር ብቻ ይነሣል፤ ይህም ቦታ ይቆጥባል። ነገር ግን የማስታወቂያ ማገጃዎች የነበራቸውን ሥልጣን ቀንሶባቸዋልና ብዙዎች ተቃወሙት። ሞዚላ በበኩሉ የቀድሞውንም ደንብ ይዞ እንደሚቀጥል በ2024 አስታውቋል።

አነስተኛ መሣሪያ ላለው ሰውም የታሰበለት አልጠፋም። ኦፔራ ሚኒ በ2006 ለዓለም ሲቀርብ፣ ገጹን በሩቅ ባለ ትልቅ ኮምፒዩተር አዘጋጅቶና ጨምቆ ወደ ትንሽ ስልክ ይልክ ነበር። ከዚያም በኋላ ክሮም ከ2015፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ከ2021 ጀምሮ፣ የማንመለከታቸውን ታቦች ከማኅደረ ትውስታ አውርደው ማስተኛትን ተማሩ፤ ክሮምም በ2022 መጨረሻ ይህን ባለቤቱ ራሱ እንዲያዝዘው አደረገ።

ከታሪኩ የምንማረው

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ በከንቱ አይጠፋም የሚል ነው። ሥዕል ስንፈልግ ሥዕል ከበደን፤ ደኅንነት ስንፈልግ ግድግዳው ከበደን፤ ብራውዘሩን ለማቅለል ቅጥያ ስንፈጥር ቅጥያው ከበደን። ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ «ከብዷል ወይስ አልከበደም?» የሚለው ሳይሆን «ይህ ሸክም ለምን የተከፈለ ነው? ከፋዩስ ማን ነው?» የሚለው ነው። ለደኅንነት የተከፈለውን በደስታ እንሸከም፤ ለምናነበው ገጽ የተከፈለውንም እንሸከም፤ በቸልታና በመርሳት የተከማቸውን ግን እናራግፍ።

ይህንንም ለማድረግ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ክሮምን የከፈተ ሰው ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አብሮ ቢጫን፣ እያንዳንዱ ታብና እያንዳንዱ ቅጥያ ስንት እንደያዘ በዝርዝር ያያል። ፋየርፎክስም የራሱ ዝርዝር አለው። ቅጥያዎቹን ሁሉ አጥፍቶ አንድ በአንድ እየመለሰ ልዩነቱን የሚያይ ተማሪ፣ የሜምሽሪንክ ሰዎች የሠሩትን ሥራ በትንሹ ሠራ ማለት ነው። የማያስፈልግ ቅጥያ መጨመር «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነውና፣ ወር ሙሉ ያልተጠቀምንበትን ብናሰናብተው አንጎዳም።

ለታናናሾቻችን ተማሪዎች የምናስተላልፈው ቃል ይህ ነው፦ ሳትመዝኑ አትክሰሱ። ሰዎች ለዓመታት ብራውዘሩን በእንግዳው ጥፋት ሲከሱት፣ እንግዳውንም በቤቱ ጥፋት ሲከሱት ኖረዋል፤ ክርክሩ የበረደው ሚዛን በመካከል በቆመ ጊዜ ነው። ወላጆቻችንና መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምነው አንድ ነገር አለ። አንድ የቆየ ኮምፒዩተር ደከመ ተብሎ ከክፍል ከመውጣቱ በፊት፣ ምን እንደተጫነበት ይታይ። ሸክሙ ሲራገፍለት ገና ብዙ ዓመት የሚያስተምር ሊሆን ይችላልና።